እሳትና ነፋስን በአንድ ዘንግ ያስማሙት መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ማን ነበሩ?

በአውሮፓውያኑ 1918 የመጸው ወራት፣ አንድ የጭነት መኪና በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚገኘውን የፓይክስ ፒክ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ እያቃሰተ ወጣ። የጫነው እህልም ሸቀጥም አልነበረም። በጀርባው ላይ በብረት የታሰረው ባለ 12 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር ነው።

ሞተሩ ወደ ተራራው የተወሰደው ሊበር አይደለም። 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጫፍ ላይ ቆሞ እንዲሠራና ጉልበቱ እንዲለካ ነው የተፈለገው። ሙከራውን የሚመሩት የ46 ዓመቱ መሐንዲስ ዶክተር ሳንፎርድ ሞስ ነበሩ።

ይኸው ሞተር ዝቅ ባለ ስፍራ ሲለካ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ተራራው ጫፍ ላይ ግን ጉልበቱ ወደ 230 አሽቆለቆለ። ሞስ የሠሩት መሣሪያ ሲገጠምለት እዚያው ጫፍ ላይ 356 የፈረስ ጉልበት ሰጠ።

ያ መሣሪያ ዛሬ በመላው ዓለም ተርቦ ተብሎ የሚጠራው ነው። ሐሳቡን መጀመሪያ ያፈለቁት ሞስ አይደሉም። የእርሳቸው ድርሻ፣ ሐሳቡን ለረዥም ጊዜ አላላውስ ያለውን የሙቀት ችግር ታግለው መሣሪያውን አስተማማኝ ማድረጋቸው ነው።

የደጋ አየርና የሞተር ትንፋሽ

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ነዳጅን ለማቃጠል አየር ያስፈልገዋል፤ የሚያስገባው አየር ባነሰ ቁጥር ሊያቃጥል የሚችለው ነዳጅም፣ የሚሰጠው ጉልበትም ያንሳል።

ከባሕር ጠለል ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ፣ በአንድ ሊትር መጠን ውስጥ ያለው አየር በጅቡቲ ወደብ ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያነሰ ነው። ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ደጋ ላይ ሲደርስ ጉልበቱን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ይህን ችግር በሕይወታቸው ያውቁት ነበር። በአየር ላይ ውጊያ ከፍ ያለው የበላይ ነው። ነገር ግን አውሮፕላኑ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሞተሩ ይታፈናል፤ በመጨረሻም ከዚያ በላይ አልወጣም ይላል።

የሳን ፍራንሲስኮው ተለማማጅ

ሳንፎርድ ሞስ በነሐሴ ወር 1872 በካሊፎርኒያ ሳን ፍራንሲስኮ ተወለዱ። የምሕንድስና ሕይወታቸው የተጀመረው ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከወርክሾፕ ነው። ገና በ16 ዓመታቸው የታመቀ አየር ማሽኖች በሚሠሩበት ቤት በተለማማጅነት ተቀጥረው ለዓመታት ብረት ሲያርሙና ሲሞርዱ ቆዩ።

በዚያ ሥራ አንድ ነገር በአእምሯቸው ተተከለ። አየርን አምቆ ነዳጅ በውስጡ ቢያቃጥሉ፣ ከዚያ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ያለ ፒስተን አንድን መዘውር በቀጥታ ማሽከርከር ይችላል የሚል ሐሳብ ነበር። ይህ የጋዝ ተርባይን ሐሳብ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ አልተለያቸውም።

ሐሳቡን ለመፈተን ግን የእጅ ሙያ ብቻውን እንደማይበቃ ተረዱ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን አጠናቅቀው፣ ወደ ምሥራቅ በመጓዝ ኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ተመዘገቡ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕሰ ጉዳይም ያው የወጣትነት ሐሳባቸው፣ የጋዝ ተርባይን ነበር።

የከሸፈው ተርባይን

በኮርኔል የሠሩት የሙከራ ተርባይን በእርግጥም ዞረ። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነበር፤ ተርባይኑ የሚሰጠው ጉልበት፣ አየሩን ለማመቅ ከሚወጣው ጉልበት ያነሰ ሆነ። በሌላ አነጋገር መሣሪያው የራሱን ቀለብ እንኳን መሸፈን አልቻለም።

ሞስ በ1903 ዶክትሬታቸውን ይዘው በማሳቹሴትስ ግዛት ሊን ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠሩ። በዚያም ለዓመታት ምርምሩን ገፉበት። ውጤቱ ግን የሚያመረቃ አልነበረም። ተርባይኑ የሚበላው ነዳጅ ከሚሰጠው ጉልበት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ስለነበር ኩባንያው በ1907 ሥራውን አቆመ።

ከዚያ ክሽፈት አንድ ነገር ተረፈ። ሞስ ለተርባይኑ ብለው ያጠኑት፣ አየርን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ለብረት ማቅለጫ ምድጃዎችና ለሌሎች ፋብሪካዎች ጠቃሚ ሆኖ ተገኘ። ቀጣዮቹን አሥር ዓመታት ያሳለፉትም ይህንኑ ማሽን በማሻሻል ነው። ስለ ትኩስ ጋዝም ስለ ታመቀ አየርም ከእርሳቸው በላይ የደከመ ሰው በወቅቱ ብዙ አልነበረም።

ከቀድሞው መምህር የመጣ ጥሪ

በሌላ የዓለም ክፍል ደግሞ ተመሳሳይ ሐሳብ እየበሰለ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በ1905 የባለቤትነት መብት ያስመዘገቡበት ንድፍ፣ ከሞተር የሚወጣው ጭስ በከንቱ ከሚባክን ተርባይን እንዲያዞርና ተርባይኑም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያምቅ ኮምፕሬሰር እንዲነዳ የሚያደርግ ነበር።

በጦርነቱ ዓመታት ፈረንሳዊው ኦጉስት ራቶ ይህን መሰል መሣሪያ ለአውሮፕላን ሞተር ለማዋል ሙከራ ጀመሩ። አሜሪካ በ1917 ጦርነቱን ስትቀላቀል የራቶ ሥራ ወሬ አትላንቲክን ተሻግሮ ደረሰ።

በወቅቱ የአሜሪካን ብሔራዊ የኤሮኖቲክስ አማካሪ ኮሚቴ የሚመሩት ዊሊያም ዱራንድ ነበሩ። ዱራንድ በኮርኔል ያስተምሩ ስለነበር በጋዝ ተርባይን ሐሳብ የተጠመደውን ያንን ተማሪ አልረሱትም። ይህን ሥራ ማን ይችለዋል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ሞስን አስታወሱ።

ከአሥር ዓመት በፊት ተስፋ ቢስ ተብሎ የተዘጋው ዕውቀት በድንገት ተፈላጊ ሆነ። የፓይክስ ፒኩ ሙከራም የዚህ ጥሪ ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ የተገኘው ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1918 የተኩስ አቁም ስምምነት ሲፈረም የሞስ ተርቦ ገና አንድም የጦር አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ ለውጊያ አልተሰለፈም ነበር።

እሳቱ የት ይቀመጥ?

ተርቦ ሲያዩት ቀላል መሣሪያ ነው። በአንድ አጭር ዘንግ ጫፍ ላይ ተርባይን፣ በሌላው ጫፍ ላይ ኮምፕሬሰር አለ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ያዞራል፤ ዘንጉ አብሮ ይዞራል፤ ኮምፕሬሰሩ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ ያጭቃል።

አስቸጋሪው ነገር የሁለቱ ጉርብትና ነው። በአንዱ ጫፍ ብረትን ቀይ እስኪሆን የሚያግል ጭስ ያልፋል። ከዚያ በስንዝር ርቀት ላይ ባለው ሌላኛው ጫፍ የሚገባው አየር ግን በተቻለ መጠን ቀዝቃዛ መሆን አለበት። አየር ሲሞቅ ይሳሳልና፣ የሚገባው አየር ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በተመሳሳይ ግፊት ውስጥ ያለው የአየር መጠን በሦስት በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ነገሩን የሚያባብሰው ማመቅ በራሱ አየርን ማሞቁ ነው። የብስክሌት ጎማ የሞላ ሰው የፓምፑ ጫፍ ሲግል ያውቀዋል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር ግፊቱ እጥፍ እስኪሆን በተርቦ ቢታመቅ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በዚያ ላይ የጭሱ ሙቀት ከተጨመረበት ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ፒስተንም ይበሳል።

ሞስ ለትኩሱ ክፍል የመረጡት መፍትሔ ብዙዎች ከሚያስቡት ተቃራኒ ነበር። ተርባይኑን በሽፋን ከማፈን ይልቅ የአውሮፕላኑ ተሽከርካሪ ምላጭ የሚገፋው ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀመጡት። የሚነፍሰው አየር ራሱ ማቀዝቀዣ ሆነ። በኋላ በመጡት አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ የታመቀው አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ኢንተርኩለር በሚባል፣ ራዲያተር በሚመስል ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ።

ሰማይ ላይ የተከፈለ ዋጋ

ከጦርነቱ በኋላ ሙከራው ከተራራ ወደ ሰማይ ተሸጋገረ። የካቲት 27 ቀን 1920 ሜጀር ሩዶልፍ ሽሮደር በኦሃዮ ግዛት ከሚገኘው የማኩክ አየር ማረፊያ ተነስተው የሞስ ተርቦ በተገጠመለት አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ወጡ። በዘመኑ ክብረ ወሰን ነበር።

ሞተሩ በዚያ ከፍታ መተንፈስ ቢችልም አብራሪው ግን አልቻሉም። የኦክስጅን አቅርቦታቸው ከዳቸው። ከዜሮ በታች ከ50 ዲግሪ በላይ በወረደው ብርድ የዓይን መከላከያቸውን ከፍ ሲያደርጉ ዓይናቸው በረዶ ሠራ፤ ራሳቸውንም ሳቱ። አውሮፕላኑ በርካታ ኪሎ ሜትሮችን ወደ ታች ተምዘገዘገ። ሽሮደር መሬት ሳይደርሱ ነቅተው፣ ማየት እያቃታቸው አውሮፕላኑን አሳረፉት።

በመስከረም ወር 1921 ሌተናንት ጆን ማክሬዲ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን ወደ 10,500 ሜትር በመውጣት ክብረ ወሰኑን አሻሻሉ። ከዚህ በኋላ ከሞተሩ ይልቅ ሰውን በዚያ ከፍታ በሕይወት ማቆየት የሚለው ጥያቄ ክብደት እያገኘ መጣ።

ሰላም ሲሰፍን ግን ገንዘቡም ትኩረቱም ቀዘቀዘ። ሞስ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የሙቀቱን ጥያቄ ሳይተዉ ቀጠሉ። የዚያ ዘመን ትልቁ ፈተና ብረቱ ነበር፤ ተርባይኑ ቀይ ሆኖ ግሎ በደቂቃ ከ20,000 ጊዜ በላይ ሲሽከረከር ተራ ብረት ይለጠጣል፣ ይሰነጠቃል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ካልተጠበቀ ቦታ መጣ፤ ለሰው ሠራሽ ጥርስ መሥሪያ ይውል የነበረ የኮባልት ቅይጥ ለተርባይኑ ምላጮች ተስማሚ ሆኖ ተገኘ።

ከጡረታ የተመለሱት አዛውንት

ሞስ 65 ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ ወጡ። ዓለም ወደ ሁለተኛው ጦርነት ስታመራ ግን ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበት መሣሪያ ከፍተኛ ተፈላጊነት አገኘና ወደ ሥራ ተመለሱ። የ1940 የኮሊየር ሽልማት፣ ማለትም በአሜሪካ አቪዬሽን ታላቁ ክብር፣ ለእርሳቸውና ለአገሪቱ ጦር አየር ክፍል ተሰጠ።

በዚያ ጦርነት ቢ-17 እና ቢ-24 የተባሉት ቦምብ ጣዮች፣ ፒ-38 እና ፒ-47 የተባሉት ተዋጊዎች በተርቦ በረሩ። መሐንዲሶቹ ለአየሩና ለጭሱ መንገድ ያወጡበት ዘዴ እንደየአውሮፕላኑ ይለያያል። በፒ-38 ተርቦው ከላይ ለነፋስ ተጋልጦ ተቀመጠ። በቢ-17 ከሞተሩ ቤት ሥር ሆነ።

ፒ-47 ደግሞ ለየት ያለ ነበር። በጆርጂያ ቲብሊሲ የተወለዱት ንድፍ አውጪው አሌክሳንደር ካርትቬሊ ተርቦውን ከሞተሩ አርቀው ከአብራሪው ኋላ፣ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ አስቀመጡት። ትኩሱ ጭስ በቱቦ ወደ ኋላ ይጓዛል፤ ከአፍንጫው ሥር የሚገባው ቀዝቃዛ አየርም በሌላ ቱቦ ወደ ኋላ ሄዶ ይታመቃል፤ ቀዝቅዞም ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቱቦዎቹ አውሮፕላኑን ግዙፍ ቢያደርጉትም ለእያንዳንዱ አየር የየራሱን መንገድ ሰጡት።

የመሣሪያው ድል ሌላ ገጽታም ነበረው። እነዚያ ቦምብ ጣዮች ከ7,000 ሜትር በላይ ሆነው የአውሮፓ ከተሞችን አፈራርሰዋል። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣሉት የቢ-29 አውሮፕላኖችም በየሞተራቸው ሁለት ሁለት ተርቦ የተገጠመላቸው ነበሩ። ሞተርን ከመታፈን ያዳነው ዕውቀት ለብዙዎች ሞትን አቅርቧል።

ዘግይቶ የሰመረ ሐሳብ

በ1941 የአሜሪካ ጦር የእንግሊዛዊውን ፍራንክ ዊትል የጄት ሞተር በአገሩ ለማሠራት ሲወስን ሥራውን የሰጠው ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጄት ሞተር አየር ማመቂያ፣ የነዳጅ ማቃጠያና ተርባይን ያሉት ነው። ኩባንያው ደግሞ ግለቱን ችሎ የሚሽከረከር ተርባይን መሥራትን በተርቦ ምክንያት ለሁለት አሥርት ዓመታት ተምሮታል።

በሚያዝያ 1942 የመጀመሪያው የአሜሪካ ጄት ሞተር በዚያችው በሊን ከተማ ተነሳ። በጥቅምት ወር ደግሞ አውሮፕላን ይዞ በረረ። በ1907 ከንቱ ተብሎ የተዘጋው ሐሳብ በሌሎች እጅ ተፈጽሞ ለማየት ሞስ በቁ። ኅዳር 10 ቀን 1946 በ74 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከሰማይ ወደ ጋራዥ

ተርቦ በሽያጭ በቀረቡ የቤት መኪናዎች ላይ የታየው እርሳቸው ካረፉ ከ16 ዓመታት በኋላ ነው። በ1962 ገበያ ላይ ከዋሉት ሁለት የአሜሪካ መኪናዎች አንዱ የሆነው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ያንኑ የቆየ ችግር ተሸክሞ መጣ። የታመቀውና የሞቀው አየር ነዳጁን ያለ ጊዜው እንዳያፈነዳ ውኃና አልኮል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወደ ሞተሩ ይረጭ ነበር። ብዙ ባለቤቶች ፈሳሹን መሙላት ይረሱ ስለነበር መኪናው ከ1963 በኋላ አልቀጠለም።

ዛሬ የሞስን ፈተና በጠባቡ የሚጋፈጡት ደግሞ ኪት ካር የሚባሉትን፣ ክፍሎቻቸው ለየብቻ ተገዝተው በባለቤታቸው እጅ የሚገጣጠሙ መኪናዎች የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በ1957 ብቅ ያለችው የእንግሊዟ ሎተስ ሰቨን የዚህ ዓይነት መኪናዎች ፈለግ ሆናለች። ቀላልና ጠባብ በመሆኗ ትንሽ ሞተር ይበቃታል። እንዲህ ባለ ጠባብ ቤት ውስጥ ተርቦ ሲጨመር የጭሱ ቱቦና የአየር ማስገቢያው ትከሻ ለትከሻ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ የሚሠራው ጥበብ በአውሮፕላኖቹ ዘመን የተለመደው ነው። አየሩ የሚሳበው ከራዲያተሩ ጀርባ ካለው የጋለ አየር ሳይሆን ከውጭ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ ከሚያገኝበት ቦታ መሆን አለበት። ቱቦው ሰፊ፣ አጭርና መታጠፊያው ለስላሳ ቢሆን ይመረጣል። ከኮምፕሬሰሩ በፊት ያለው ቱቦ የሚሠራው በመሳብ ስለሆነ፣ ልፍስፍስ ጎማ ከሆነ ሞተሩ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ተጣብቆ አየሩን ያንቀዋል። ከማጣሪያው በኋላ ቀዳዳ ካለም የሚገባው አቧራ የኮምፕሬሰሩን ምላጭ ይበላል።

ቱቦው በጭስ መውጫው አጠገብ ከማለፍ ሌላ አማራጭ ከሌለው በመካከላቸው የሚያብረቀርቅ ስስ ብረት ይቆማል። ብረቱ ሁለቱንም ሳይነካ ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ነክቶ ከተቀመጠ ጋሻ መሆኑ ቀርቶ ሙቀቱን አስተላላፊ ይሆናል። የጋለውን ቱቦ ሙቀት በሚችል ጨርቅ መጠቅለልም የተለመደ ነው፤ ጨርቁ ዘይት ከጠጣ ግን እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሞቃቱ አየር ከሞተሩ ቤት የሚወጣበት ቀዳዳ ከሌለ ደግሞ ጋሻው ብቻውን ብዙ አይረዳም።

ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ጉዳዩ ከጋራዥ ትርፍ ጊዜ በላይ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የአፋርን ሐሩር አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ፣ ወይም ከሞምባሳ ተነስቶ ወደ ናይሮቢ የሚያቀና ከባድ መኪና በአንድ ጉዞ ሁለቱንም የሞስ ጠላቶች ያገኛቸዋል፤ መጀመሪያ ትኩሱን አየር፣ ቀጥሎ ሳሳ ያለውን። ዳገቱን ጭነቱን ይዞ የሚወጣው ጭሱ ተርባይኑን እያዞረ፣ ተርባይኑም ለሞተሩ አየር እያጨቀለት ነው።